ሦስተኛው ይጎድላል

ሁለት ቃል ሰውን ያሳብዳል? እኔን አሳብዶኛል። «ሦስተኛው ይጎድላል።» ይችን ያሉት የጸደንያ አባት ጋሽ ከበበው ናቸው፤ ያሉትም እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ልጃቸውን ሊጠይቁ መካኒሳ አቦ ቤታቸው የሄዱ ዕለት ነው። እሺ አላሉ፣ እምቢ አላሉ። እምቢ ቢሉ እንኳ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ሦስተኛው ይጎድላል ሲባል ግን ሰው ምን ያደርጋል? ለማንስ አቤት ይላል?

ኢያቄም እባላለሁ። ላፍቶ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር የአልሙኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። ሥራዬ ለክቶ መቁረጥ ስለሆነ ያልተለካ ንግግር ያናድደኛል። ሰው ነገሩን ሲያንዛዛ ደሜ ይፈላል፤ አስጨርሼውም አላውቅም። እናቴ «ሰው አስጨርስ፣ አንተ ልጅ!» እያለች ነው ያረጀችው። ይህን ጠባዬን ያዙልኝ፣ ጉዱ ከእሱ ነው የመጣው።

ጸደንያን ያገኘኋት በመጽሐፍ ሰበብ ነው። ጋሽ ከበበው ከካርታ ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለመጽሐፍ መደርደሪያቸው የመስታወት በር እንድሠራላቸው አስጠሩኝና ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ የጠበቅኩት የታወቀውን ዓይነት መጽሐፍ ነበር። ያገኘሁት ግን በቆዳ የተጠረዘ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የታተመ የታሪክ መጽሐፍ ብቻ ነው። «እኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ሲጀምር እነዚህ እዚያ ከማተሚያ ቤት ይወጡ ነበር» አሉኝ። አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ፣ ከተዘጋ ቤተ መጻሕፍት፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ አንድ በአንድ የለቀሙት ነው። የሊቃውንቱን መጽሐፍ አይፈልጉም። የሚፈልጉት በዚያ ዘመን ባለሱቁና ልብስ ሰፊው የተሻሙበትን፣ ተራው ሰው ማታ ማታ ለቤተሰቡ ያነበበውን ታሪክ ነው። ስንት እጅ አልፎበት መካኒሳ መድረሱ ይገርማቸዋል። እኔንም ገርሞኛል፣ ውሸት አልናገርም።

አንዱን ገለጥ አድርጌ በዚያች በቀበሌ እንግሊዝኛዬ ማንበብ ጀመርኩና ደነገጥኩ። ቃሉ ሁሉ ተሳስቷል። «ጋሼ፣ ይቅርታዎትንና አጭበርብረውዎታል» አልኳቸው፤ «ታሪክ የሚለውን "ሂፍቶሪ" ብለው ነው ያተሙት።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እሱ ኤፍ አይደለም፣ ልጄ። ያኔ ሁለት ዓይነት ኤስ ነበራቸው። እኛ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ እንደምንለው ማለት ነው። ይሄ የእነሱ ንጉሡ ሠ ነው።»

ከበሩ ኋላ ሌላ ሳቅ ሰማሁ። ሻይ ይዛ የቆመችው ጸደንያ ነበረች። እዚያው ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ማስተርሷን ይዛለች፤ ስትስቅ ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ በዚያች ሳቅ አልቄያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ነው።

ጋሽ ከበበው መጽሐፍ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ አፍንጫቸው ነው። «መጽሐፍ በአፍንጫ ነው መጀመሪያ የሚነበበው» ይላሉ። እርጥበት ያገኘውን፣ ምድጃ አጠገብ የኖረውን፣ ሲጋራ አጫሽ ቤት የከረመውን አሽትተው ይነግሩዎታል። ከሁሉም የሚወዱት አንድ የዓለም ታሪክ አለ፤ ጸሐፊው ስሙን ያልጻፈበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በአራት ጥራዝ» ይላል፣ እኔው ራሴ በንጉሡ ሠ አንብቤዋለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛና አራተኛ አላቸው። በሁለተኛውና በአራተኛው መሃል ደግሞ ለአንድ መጽሐፍ የሚበቃ ክፍት ቦታ ትተዋል። ቦታው ከሚባክን ላጥብበው ወይ ስላቸው አፈጠጡብኝ። «ሰው አለው» አሉ፣ ታክሲ ውስጥ ለጓደኛው ወንበር እንደያዘ ሰው።

ሦስተኛው ጥራዝ ነበራቸው። የጠፋው ሚስታቸው እትዬ ውዳሴ ባረፉ ዓመት ነው። ለቅሶ ሲገባና ሲወጣ አንዱ እንግዳ ይዞት ሄዷል ብለው ነው የሚያምኑት። «ጥራዝ ነጠቅ ሲባል በአፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ዘንድ ግን እውነተኛው መጣ፣ ጥራዜን ነጥቆኝ ሄደ» እያሉ ይቀልዳሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው፣ የጨርቅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከአቦ ታክሲ ይዘው ይወጣሉ። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በሙሉ ያውቃቸዋል። ማታ ባዶ ቦርሳ ይዘው ሲመለሱ ወሬው ግን ለሳምንት ይበቃል፤ ማን ጋ ማኪያቶ እንደጠጡ፣ ከማን ጋ እንደተከራከሩ፣ ማን ተስፋ እንደሰጣቸው።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። ጾሙ ሳይገባ ነገሩ እንዲያልቅ ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም ሲራክ የሚባል የቤተሰባቸው ወዳጅ ልጅም ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ጸደንያ ነግራኛለች። ሦስት ሰው አዘጋጀሁ። አንዱ የእናቴ ወንድም ጋሽ መዝገቡ፣ ሁለተኛው የዕድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅቶላ፣ ሌላው ደግሞ አልሙኒየም የሚሸጡልኝ ጋሽ ኑረዲን። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት የጋሽ ኑረዲን ባለቤት እትዬ ሐሚዳ ድንገት አሟቸው ሆስፒታል ገቡ። ቀጠሮ አይሰረዝም ብዬ ሁለቱን ላክኳቸው።

ሲመለሱ ጋሽ መዝገቡ ግንባራቸውን እየጠረጉ ነገሩኝ። በክብር ተቀብለዋቸዋል፤ መጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ለፊት አስቀምጠዋቸዋል። ጉዳዩን ተናግረው ሲጨርሱ ሰውዬው ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው ጣል አድርገው «ሦስተኛው ይጎድላል። ሦስተኛው ሲሟላ ኑ፣ ያኔ እንነጋገራለን» አሏቸው።

ኦቦ ዋቅቶላ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እኔ ግን ሰውዬው ያሉት እንደገባኝ ከሆነ...» ሲሉ እኔ ቀድሜ ጮኼያለሁ። መጽሐፉን ነዋ! ሌላ ምን ይጎድላቸዋል? ስንት ዓመት የሚፈልጉትን ጥራዝ ጥሎሽ አድርገው ጠየቁኝ! ኦቦ ዋቅቶላ አንዴ አዩኝና አፋቸውን ዘጉ፤ ትልቅ ሰው አይሻማም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ደውዬ እንዳልጠይቃቸው ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ ደውሎ ምን ማለትዎ ነው አይልም፣ ነውር ነው። ጸደንያም አባቷን ልትጠይቅ አትችልም፣ ይብስ ነውር። ስነግራት ደግሞ ጭራሽ ግራ አጋባችኝ። «መጽሐፉን አለ?» አለችና ፊቷ ዐመድ መሰለ። እርግጠኛ ነህ አለችኝ፣ ደግማ እርግጠኛ ነህ አለችኝ። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች። እኔ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ እሷ እንዳስለቀስኳት ሆና ሄደች። ሲራክን ነው የምታስበው እንዴ? ወይ ጉድ፣ ጭንቅላቴ ዞረ።

ፍለጋ ጀመርኩ። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ጋ ሄጄ ሦስተኛውን ታሪክ ስል አንዱ የሦስተኛ ክፍል መማሪያ አውጥቶ ሰጠኝ። ሌላው ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀኝ፤ ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ስለው «በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለ። አላውቅም። «ስምንት ዓመት እኮ ቀላል አይደለም» ብሎ ገሰጸኝና የከብት እርባታ መጽሐፍ፣ ሦስተኛ ቅጽ፣ ይዞልኝ መጣ። ኢንተርኔት ላይ አንድ የለንደን ነጋዴ አገኘሁ፤ አራቱን አንድ ላይ ካልሆነ ወንድማማች አልነጥልም አለኝ። አንዱ ደግሞ ሦስተኛው ብቻ አለው፣ ግን ከዚያ በኋላ የታተመ፣ ቁመቱም ያጠረ ነው። ጋሽ ከበበው ዘንድ ይህ አይሠራም። እትሙ ካልገጠመ የእንጀራ ልጅ ነው ይላሉ። ሰባት ሜትር የሚሆነውን ስምንት አድርጌ የቆረጥኩ ያህል ተበሳጨሁ። ሥራዬ ተበላሸ፤ የሰው መስኮት ገልብጬ ገጠምኩ።

በዚህ መሃል እትዬ ሐሚዳ ተሽሏቸው ወጡ። ጋሽ ኑረዲን ደውለው «አሁን ነፃ ነኝ፣ ልሂድልህ» አሉኝ። ምን ዋጋ አለው፣ መጽሐፉ የለም አልኳቸው። የምን መጽሐፍ እንደሆነ አልገባቸውም፣ እኔም ለማስረዳት ትዕግሥት አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ጸደንያ ወርክሾፔ መጣች። ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም። ጥቁር ፌስታል ሰጠችኝ። ስከፍተው ቡናማ ቆዳ፣ ጀርባው ላይ በቀይ በግ ሌጦ የተጠገነ፤ ሦስተኛው ጥራዝ። እትሙ ልክ፣ ቁመቱ ልክ። እኔ ከተማውን ስዞር የከረምኩበት ነገር በፌስታል መጣ!

«ከየት አገኘሽው?»

«አትጠይቀኝ፣ ኢያቄም። ገዛሁት በል። እሑድ ሽማግሌዎቹ ይውሰዱለት።»

እያለቀሰች ነበር። የደስታ ነው ብዬ ላቅፋት ስል እጄን ገፋችው፣ ከዚያ ደግሞ ራሷ አቀፈችኝ። ሴትን መረዳት ድሮም አልሰጠኝም፤ የዚያን ቀን ግን አልሙኒየሙም ጠመመብኝ። ትወደኛለች ወይስ አትወደኝም? መጽሐፍ እየሰጡ ማልቀስ ምን ማለት ነው?

እሑድ ሦስቱም ሽማግሌዎች ገቡ። እኔ አግቢው ነኝና አልገባም፤ በጋሽ ኑረዲን ፒካፕ ውስጥ ከግቢው በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። ትንሽ እንደቆየሁ ኦቦ ዋቅቶላ ወጥተው በእጃቸው ጠሩኝ፤ ግባ ተብለሃል አሉኝ። አግቢ በሽምግልና መሃል ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ግቢውን ስናቋርጥ የሆነውን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ጋሽ መዝገቡ «ሦስተኛውን ይዘን መጥተናል» ሲሉ ጋሽ ከበበው ደስ ብሏቸው ተነሥተው ጋሽ ኑረዲንን ጨብጠው ስመዋል። ነገሩ አለቀ ሲባል ጋሽ መዝገቡ ፌስታሉን አውጥተው መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

«እና?» አልኩ።

«እናማ ሰውዬው ይኼ ደግሞ ምንድነው አሉ» አሉኝ ኦቦ ዋቅቶላ። «እኔ ያኔ ልነግርህ ነበር። ሽማግሌ ሦስት ነው፤ ሁለት ሆነን ስንሄድ ሦስተኛው ይጎድላል አሉን። አላስጨረስከኝም እኮ።»

መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ሰው ነው የጠየቁት! ጋሽ ኑረዲንን!

ስገባ ጋሽ ከበበው መጽሐፉን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ዝም ብለው ያሸታሉ። እንደወትሮው ፈገግ አላሉም። ዓይናቸው ጨፈን ብሏል። ጸደንያ የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ከየት አገኘኸው፣ ልጄ?» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

«ከ... ከመርካቶ ነው የገዛሁት፣ ጋሼ።»

«መርካቶ አሁን መጽሐፉን ናፍታሊን ያደርጉበታል?»

ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ብል እንዳይበላው የሚደረገውን ናፍታሊን ከመጽሐፍ ምን አገናኘው? ሊያደርጉ ይችላሉ አልኩ፣ እንደ ሞኝ። እሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁና ቀስ ብለው መደርደሪያው ዘንድ ሄዱ። የሠራሁትን መስታወት ከፍተው ሦስተኛውን በሁለተኛውና በአራተኛው መሃል ሰደዱት። ገባ። ልክ ገባ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«የጠየቃችሁኝ ይችን ልጅ ነው?» አሉ ጸደንያን እያዩ።

«አዎን፣ ፈቃድዎ ከሆነ» አሉ ጋሽ መዝገቡ።

«ጥራዝ ነጠቅ መሆኗን ታውቃላችሁ?»

ጋሽ ኑረዲን ከወንበራቸው ተነሡ። «ኧረ ጋሽ ከበበው፣ ወላሂ ይሄ አይባልም! ማስተርስ ያላት ልጅ ጥራዝ ነጠቅ ትባላለች?» ኦቦ ዋቅቶላም ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት የሚጠይቀው እሷን ነው ብለው መሰከሩላት። እኔ ራሴ ተናድጄ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ከበበው መሳቅ ጀመሩ፤ ያ የሚያስላቸው ሳቅ። ሲስቁ እንባቸው ይወርዳል፤ ሲወርድ ይስቃሉ። ጸደንያ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። አንሥተው ግንባሯን ሳሟት። «ሰጥቻለሁ» አሉ፣ «እንዲህ እንዳለች ውሰዷት።»

እልል ተባለ። እኔ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም። ደስታዬ እንኳ ግራ ገብቶት መሃል ላይ ቆሟል።

የነገረችኝ ስትሸኘኝ፣ በሩ ላይ ነው። መጽሐፉን የወሰደችው ራሷ ነበረች። እናቷ ሲያርፉ አባቷ ከወንበር አልነሣ ብለው ነበር። አይላጩም፣ አይበሉም፣ መጽሐፎቻቸውን እንኳ አይነኩም፤ ዝም ብለው ግድግዳ ያያሉ። አንድ ቀን ጨነቃትና አንዱን ጥራዝ ከመደርደሪያው አውጥታ በእናቷ የልብስ ሳጥን ውስጥ፣ ከቀሚሶቹ ሥር ደበቀችው። ያን ሳጥን አባቷ ደፍረው እንደማይከፍቱት ታውቃለች። ሁለት ቀን አላዩም። በሦስተኛው «ሦስተኛው የት ሄደ?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ቤቱን ፈተሹ፣ ጢማቸውን ተላጩ፣ ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው ሊፈልጉ ወጡ። ማታ ሲመለሱ ራት ጠየቁ።

«በማግሥቱ ልመልስለት ነበር» አለችኝ። «ግን ካገኘው ተመልሶ ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። ቅዳሜ መጣ፣ ሌላ ቅዳሜ መጣ፤ ጓደኛ አፈራ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ እነግረዋለሁ? አንተ ደግሞ መጽሐፉን ጠየቀ አልከኝ። ከአንተና ከቅዳሜው ምረጪ የተባልኩ መሰለኝ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እሱ እኮ ጋሽ ኑረዲንን ብቻ ነበር የፈለገው፣ ኢያቄም! አሁን ቅዳሜ ምን ያደርጋል?»

ልጅቷን አገኘኋት፤ የሰውየውን ቅዳሜ ግን እኔ ነኝ የወሰድኩት። አንድ ሽማግሌ ላስጨርስ ባለመቻሌ። እንደዚያን ቀን አፌን ጠልቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ እጄ አልገባ አለኝ። ከላፍቶ ተነሥቼ አቦ ሄድኩ። ቤት ሄጄ ወንበራቸው ላይ ባያቸው ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ብቻ ሄድኩ። ታክሲ መያዣው ጋ ስደርስ ኮታቸውን ለብሰው፣ የጨርቅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ጢማቸው ንጹሕ ተላጭቶ ቆመዋል።

«ጋሼ! ወዴት ነው?»

«ወዴት እሆናለሁ፣ መጽሐፌን ፍለጋ ነዋ» አሉኝ፣ ለማያውቅ እንደሚያስረዱ። «አምስተኛው ይጎድላል።»

አፌን ከፈትኩ። መጽሐፉ አራት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በአራት ጥራዝ ይላል፤ እኔ አንብቤዋለሁ፣ እሳቸው ከእኔ በፊት ሺህ ጊዜ አንብበውታል። ያውቃሉ። እንደማውቅም ያውቃሉ። ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ ጠበቁኝ። ይህን ለልጃቸው ነው ያሉት ወይስ ለራሳቸው? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ታክሲው መጣ። እሳቸው ገብተው መስኮቱ ጋ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አኖሩ። ረዳቱ ቦርሳውን እንዲያነሡ ሲጠይቃቸው ሰው አለው አሉት፣ እኔን እያዩ።

ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።